«ያልታወቀው» ለማን? የወሎ ረሃብ ዘጋቢ ፊልም፣ ዳግም ቅንብሩና የገበሬው ድምፅ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናታዊ ጽሑፍ የብሪታንያው ቴምስ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ያሰራጨውን «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልምና መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ዳግም ቅንብሩን ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ጥያቄ በወሎ፣ በተለይም ዛሬ ሀብሩ ወረዳን በሚያካትተው የጁ የደረሰው መከራ በቴሌቪዥን ሲነገር ማን ተናገረ፣ ማንስ ታየ ብቻ የሚል ነው። ለንጽጽር የዘጋቢ ፊልምና የድራማ አዘጋጁ ሌስሊ ዉድሄድ በኢትዮጵያ የሠራቸው የቴሌቪዥን ፊልሞችና የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ቀርበዋል። ጽሑፉ የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ የአንድን ሥራ ታማኝነት የሚወስነው ዘጋቢ ወይም ድራማ መባሉ ሳይሆን የምስሎቹ አሰካክና የተናጋሪው ማንነት ነው። በመጨረሻም በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ሊካሄድ የሚገባው የቃል ታሪክ ጥናት አቅጣጫ ይጠቆማል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዘጋቢ ፊልም፣ ዘጋቢ ድራማ፣ የምስል ቅንብር፣ የወሎ ረሃብ፣ ሀብሩ፣ የቃል ታሪክ

1. መግቢያ

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይገባል፤ ከመርሳም በሲሪንቃ በኩል ወልድያ ይደርሳል። ከወልድያ ወዲያ ቆቦ፣ አላማጣና ኮረም ይከተላሉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በዚህ መስመር ላይና ግራ ቀኙ ባሉ ገጠሮች የሆነው ነገር በኢትዮጵያ የዘመናዊ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ስፍራ አለው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ሌላ ታሪክ መቅድም ሆኖ ነው። ተማሪው ስለ ወሎ ረሃብ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው አንድ የውጭ ጋዜጠኛ የሠራውን ፊልም፣ ፊልሙ በአዲስ አበባ የታየበትን ምሽትና በማግሥቱ የሆነውን የሥልጣን ለውጥ ነው። ረሃቡ የአብዮቱ መንደርደሪያ ይሆናል፤ የተራበው ሰው ግን ከምስልነት አያልፍም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ቅደም ተከተል ገልብጦ ለማየት ይሞክራል። የፊልሙን ፖለቲካዊ ውጤት ሌሎች በስፋት ስለ ጻፉበት ትኩረቱ በፊልሙ አነጋገር ላይ ነው። ሦስት ንዑሳን ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛ፣ ረሃቡ «ያልታወቀ» የተባለው ለማን ነው? ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ ምስሎች በሁለት ልዩ ልዩ ቅንብሮች ውስጥ ሲገቡ ምን ትርጉም ሰጡ? ሦስተኛ፣ በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የተሠሩ ሌሎች የፊልም ሥራዎች ገበሬውንና አርብቶ አደሩን ለማናገር ምን ዓይነት ስልት ተጠቀሙ?

ጽሑፉ የሚመሠረተው በፊልሞቹ አወቃቀርና ስለ ረሃቡ በታተሙ ጥናቶች ላይ ነው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ባስፈለገበት ቦታ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ተደርጎበታል።

2. ከካሜራው በፊት የነበረ ዕውቀት

በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ በወሎ ምሥራቃዊ ክፍል ተጓደለ። ተከትሎ የመጣው የ1965 ዓ.ም. በልግም ሳይዘንብ ቀረ። ይህ የሁለት ወቅት ጉድለት ለየጁ ገበሬ ምን ማለት እንደ ነበር ለመረዳት የአካባቢውን እርሻ ማወቅ ያሻል። በደጋው በልግ ራሱን የቻለ የምርት ወቅት ነው። በቆላውና በወይና ደጋው ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ የሚዘራው የበልጉን ርጥበት ተማምኖ ነው። ስለዚህ በልግ ሲቀር ደጋው የያዘውን ሰብል ያጣል፤ ቆላው ደግሞ የመጪውን ዓመት ዘር ለመጣል ይቸገራል። ገበሬው ይህን ለመገንዘብ የውጭ ባለሙያ አያስፈልገውም፤ ሰማዩን፣ ማሳውንና ገበያውን እያየ ይቆጥረዋል።

ከማሳው ቀጥሎ የሚመሰክረው ገበያው ነው። በረሃብ ዋዜማ ገበሬው አስቀድሞ ከብቱን ያወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ በአንድ በሬ ሊገዛ ይችል የነበረው እህል በየሳምንቱ ያንሳል። የእርሻ በሬ ከተሸጠ ቀጣዩ ዝናብ ቢመጣ እንኳ መሬቱን የሚያርስ የለም። ጭሰኛ የሆነው ገበሬ ከዚህ በተጨማሪ ለባለ መሬቱ የሚከፍለው ድርሻ አለበት። ከሀብሩ በስተምሥራቅ ያለው የአፋር አርብቶ አደርም በዚያው ወቅት በድርቅ ተመትቶ ነበር። በአዋሽ ሸለቆ የነበረው የበጋ ግጦሹ ደግሞ ለንግድ እርሻዎች፣ በተለይም ለጥጥ ልማት ተወስዶበት ነበር።

ምሥክርነቱ በገጠሩ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ከወሎ የተሰደዱ ችግረኞች ወደ አዲስ አበባ መድረስ የጀመሩት ከፊልሙ አስቀድሞ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰዋል፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ለዕይታ ቀርበው ተማሪዎችን ለተቃውሞ አነሣሥተዋል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ስለ ምርቱ መጓደል የሚያውቁ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ይህ ዕውቀት ለምን ወደ ተግባር እንዳልተለወጠ መመርመር ነበር።

እንግዲህ «ያልታወቀው» የሚለው ስም ጥያቄ ያስነሣል። ረሃቡን መርሳና ወልድያ ያውቁታል፤ ደሴ ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥም የሚያውቁት ነበሩ። ያላወቀው የለንደን ተመልካች ነው። ርእሱ ለታሰበለት ተመልካች ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁንና ርእሱ እንደ ታሪክ ስያሜ ሲወሰድ የአካባቢውን ሕዝብ ከዐዋቂነት ወደ መታወቅ፣ ከመስካሪነት ወደ መታየት ያወርደዋል።

3. አንድ መንገድ፣ ሦስት ጉዞ

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «ድህነትና ረሃብ» በተሰኘው መጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ረሃብ ሰጥቷል። የሴን ክርክር በአጭሩ ሲቀርብ እንዲህ ነው፦ በዚያ የምርት ዘመን የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት የቀነሰው ወደ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ወሎ ውስጥ ግን ምርቱ ክፉኛ ወደቀ። ሆኖም በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የዚያን ያህል አልናረም። ምክንያቱም የወሎ ገበሬ ያጣው እህሉን ብቻ አይደለም፤ እህል የሚገዛበትን አቅምም ጭምር ነው። ምርቱ ሲጠፋ ገቢው አብሮ ጠፍቷልና የገዢ ጉልበት የሌለው ረሃብ ገበያውን ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም። እንዲያውም በረሃቡ ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደ ነበር ሴን ጠቅሷል።

ይህ ነጥብ ለመርሳና ለወልድያ ልዩ ትርጉም አለው። ሰበቡ የመንገድ እጥረት ነው እንዳይባል የአገሪቱ ዋና ጎዳና በመካከላቸው ያልፋል። በአንድ ጎዳና ላይ ሦስት ጉዞዎች ተገናኙ። እህል የገዢ አቅም ወዳለበት ከተማ ወጣ። ከምሥራቁ ቆላና ከምዕራቡ ደጋ የተራበው ሰው የመጨረሻ ጉልበቱን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ካሜራውም በዚያው መንገድ መጣ። የእርዳታ መጠለያዎች በአብዛኛው በጎዳናው ዳር የተተከሉ ስለ ነበሩ ፊልም ሊያነሣ የመጣ ሁሉ የሚያገኘው እዚያ የደረሱትን ነበር።

ይህ ለምስል ንባብ መሠረታዊ ውጤት አለው። በመጠለያ ውስጥ የሚታየው ሰው የረሃቡ የመጨረሻ ደረጃ ነው። በሬ የተሸጠበት ገበያ፣ ዘር የተበላበት ቀን፣ ቤተሰብ ማን ይሂድ ማን ይቅር ብሎ የመከረበት ሌሊት በምስሉ ውስጥ የሉም። በመንገድ የቀሩትም የሉም። ካሜራው ያየው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከረጅም ሂደት የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 የደረሱትን ረሃቦች በመረመሩበት ሥራቸው ያጎሉት ይህንኑ ነው፦ ድርቅ ቀስቃሽ እንጂ ሥረ መሠረት አይደለም፤ ረሃብ ድርቁ ከመድረሱ በፊት ገበሬውን መከላከያ አልባ ባደረገው ሥርዓት ውስጥ ሲዘጋጅ የቆየ ነው። ይህን ዝግጅት ግን በአንድ ምስል ማሳየት አይቻልም።

4. የመጀመሪያው ቅንብር፦ ጥሪ

«ያልታወቀው ረሃብ» በቴምስ ቴሌቪዥን «ዚስ ዊክ» በተባለው ሳምንታዊ ዝግጅት ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1973) ተላለፈ። ዘጋቢው ጆናታን ዲምብልቢ ነበር። ግማሽ ሰዓት የማይሞላው ይህ ፊልም በብሪታንያ ከፍተኛ ድንጋጤ ፈጠረ፤ ተከትሎ በተደረገው የእርዳታ ጥሪም ወደ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰበሰበ። በረሃቡ የሞቱት ሰዎች ቁጥር በተለያዩ ጥናቶች ከ40,000 እስከ 200,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ፊልሙ ያስገኘው እርዳታ የሰው ሕይወት ለማትረፍ ማገዙ ሊካድ አይገባም።

አወቃቀሩ ቀላል ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተጎጂዎቹ ምስልና የዘጋቢው ድምፅ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ምስሉ ይቆያል። ቅንብሩ ተመልካቹ ፊቱን እንዳያዞር ይይዘዋል። ፊልሙ ንጉሠ ነገሥቱን በቀጥታ የሚከስ አልነበረም። የሚናገረው ለሩቅ ተመልካች ኅሊና ሲሆን የሚጠይቀውም ፈጣን እርዳታ ነው።

የዚህ ዓይነት አነጋገር ኃይሉም ድክመቱም አንድ ምንጭ አላቸው። ተመልካቹ የሚሰማው በራሱ ቋንቋ የሚናገረውን፣ እንደ ራሱ የሚደነግጠውን ዘጋቢ ነው፤ በዚህም ሳቢያ ይቀርበዋል። በሌላ በኩል የተራበው ሰው የሚታየው ሐዘን እንጂ ሐሳብ ያለው ሆኖ አይደለም። ለምን እዚህ እንደ ደረሰ፣ ምን እንደሸጠ፣ ከማን ምን ጠይቆ ምን እንደ ተመለሰለት የሚያስረዳው ራሱ መሆን ሲገባው የማስረዳቱ ሥራ ለዘጋቢው ይተዋል። በየጁ አማርኛ የሚነገር ዝርዝር የምክንያት ሐተታ ወደ አንድ የሩቅ አገር ድምፅ ይጠቀለላል።

5. ሁለተኛው ቅንብር፦ ክስ

በአዲስ ዓመት ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ፊልሙ ዳግም ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚህ ቅጂ ውስጥ በወሎ የተቀረጹት ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ትዕይንቶች ተሰክተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዝግጅቱን እንዲመለከቱ እንደ ተነገራቸው በበርካታ የታሪክ ጽሑፎች ተጠቅሷል።

ስልቱ አዲስ አይደለም። የሶቪየት ፊልም ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሁለት ምስሎች ተከታትለው ሲታዩ በአንዳቸውም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ትርጉም እንደሚወለድ አሳይተዋል። ሰርጌይ አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1925 በሠራው «ስትራይክ» በተሰኘው ድራማ የሠራተኞችን ጭፍጨፋ ከበሬ እርድ ጋር እያፈራረቀ አሳይቷል። በሬው ከፋብሪካው አጠገብ አልነበረም፤ ተመልካቹ ግን ግንኙነቱን በልቡ ይሠራዋል።

በመስከረም 1 ምሽት የታየው ቅንብር በዚህ ስልት ዘጋቢውን ፊልም ወደ ድራማ አሻግሮታል። እያንዳንዱ ምስል በየራሱ እውነተኛ ነው። የተራበው ሕፃን እውነት ነው፤ ድግሱም ተደግሷል። ድግሱና መጠለያው ግን በተለያየ ጊዜ የተቀረጹ ናቸው፤ በአንድ ሰዓት የሆኑ ያስመሰላቸው መቀሱ ነው። ድራማ የሚፈልጋቸው ነገሮች ሁሉ ተሟሉ፦ በዳይ አለ፣ ተበዳይ አለ፣ በማግሥቱም ፍርድ አለ።

የክሱ መሠረት ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። መንግሥት ረሃቡን መሸፈኑና በጊዜው አለመድረሱ የተመሰከረ ነው። ጥያቄው ክሱ ከምርመራው ምን አስቀረ የሚለው ነው። በዚህ ቅንብር ውስጥ የረሃቡ ምክንያት የአንድ ቤት ጥጋብ ሆኖ ይቀርባል። ጭሰኝነት፣ የገበያው ውድቀት፣ የገዢ አቅም መጥፋት፣ ከወሎ የወጣው እህል ለድራማ የሚመች ፊት የላቸውምና ቀሩ። ምክንያቱ አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ሰውየው ሲወርድ ረሃቡም ያበቃለታል የሚል ያልተነገረ ተስፋ በተመልካቹ ዘንድ ይፈጠራል።

ለማን ታየ የሚለውም መነሣት አለበት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን በዚያን ጊዜ ሥርጭቱ በዋነኛነት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተወሰነ ነበር። የሀብሩ ገበሬ በመጀመሪያ ለለንደን ሰው ታየ፤ ቀጥሎ ለአዲስ አበባ ሰው ታየ። በሁለቱም ጊዜ ስለ እርሱ የሚባለውን ከሚሰሙት መካከል እርሱ አልነበረም። የመጀመሪያው ቅንብር ለእርዳታ፣ ሁለተኛው ለክስ ሲፈልገው ሁለቱም ያገኙት ዝም ብሎ ነው።

6. ለንጽጽር፦ ዘጋቢውና ድራማው በሌሎች እጅ

ይህ ዝምታ የዘመኑ ቴሌቪዥን የማይቀር ግዴታ ነበር ሊባል ይችላል። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የተሠሩ ሁለት ሥራዎች ግን ሌላ መንገድ እንደ ነበር ያሳያሉ። ሁለቱም በወሎ የተሠሩ አይደሉም፤ እዚህ የሚቀርቡት ለስልታቸው ነው።

የመጀመሪያው የሌስሊ ዉድሄድ ሥራ ነው። የግራናዳ ቴሌቪዥን አዘጋጅ የነበረው ዉድሄድ በዘጋቢ ፊልምም በድራማም የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974፣ ማለትም የወሎው ፊልም ዳግም በታየበት ዓመት፣ ከማንችስተሩ የሰው ልጅ ጥናት ምሁር ከዴቪድ ተርተን ጋር «ሙርሲ» የተሰኘውን ፊልም በኦሞ ሸለቆ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1982 «ክዌጉ»፣ በ1985 ደግሞ «ፍልሰተኞቹ» ተከተሉ። የመጨረሻው በድርቅ ምክንያት መኖሪያቸውን ለቀው ወደ ሌላ አካባቢ የሄዱ ሙርሲዎችን የሚመለከት በመሆኑ ለወሎ ተመራማሪ ቅርብ ነው።

በ«ሙርሲ» ሰዎች ተሰብስበው በጦርነት ጉዳይ ሲከራከሩ ይታያሉ፤ ንግግራቸው በራሳቸው ቋንቋ ይሰማል፤ ትርጉሙ በምስሉ ግርጌ ይጻፋል። ተመልካቹ ክርክር ይሰማል፤ አንዱ ሌላውን ሲያሳምን፣ ሲቃወም፣ ሲመክር ያያል። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግርጌ ጽሑፍ ሲገባ የተራኪው ድምፅ ቦታውን ይለቃል፤ የተቀረጸው ሰው ምክንያት የሚያቀርብ ሰው ይሆናል። ይህን ያስቻለው ደግሞ ተርተን ቋንቋውን አውቆ ከሕዝቡ ጋር ረጅም ጊዜ መኖሩ ነው። እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ፊልሙ የወጣበት ተከታታይ ዝግጅት «እየጠፋ ያለው ዓለም» የሚል ስያሜ ነበረው። «ያልታወቀው» የሚለው ቃል ወሎን ከለንደን ሆኖ እንደ ሰየመ ሁሉ «እየጠፋ ያለው» የሚለውም ሙርሲን ከማንችስተር ሆኖ ሰይሟል።

የዉድሄድ የድራማ ሥራም ለክርክራችን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ቼኮዝሎቫኪያ ወረራ «ኢንቬዥን»ን፣ በ1981 ደግሞ ስለ ግዳንስክ የመርከብ ሠራተኞች «ስትራይክ»ን በዘጋቢ ድራማ መልክ አዘጋጅቷል። የግራናዳ ባለሙያዎች ይህን ዘርፍ የሚረዱት የጋዜጠኝነት ሥራ አድርገው ነበር፦ ካሜራ ሊገባበት ያልቻለውን ስፍራ በተዋናይ ማሳየት፣ ግን እያንዳንዱን ትዕይንት በሰነድና በምስክር ቃል ማስደገፍ፣ ያልነበረ ሰውና ያልሆነ ድርጊት አለመፍጠር። ከዚህ አንጻር ሲታይ በማስረጃ የታሰረ ድራማ፣ እውነተኛ ምስሎችን ለክስ ከሰካ ዘጋቢ ፊልም ይልቅ ለሆነው ነገር የቀረበ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ በኢትዮጵያ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ልብ ወለድ ነው። ባለ መሬትና ጭሰኛ አሉበት። ተዋንያኑ በአብዛኛው በሙያው ያልሠለጠኑ ናቸው፤ የሚናገሩትም በአማርኛ ነው። በዚህ ድራማ ጭሰኛው ያርሳል፣ ይሰደባል፣ ያጉረመርማል፣ ያልማል። ረሃብን የሚያዘጋጀው ሥርዓት፣ ማለትም በመጠለያው ምስል ውስጥ ያልነበረው ረጅም ሂደት፣ በዝግታ ይታያል። ዘጋቢው ፊልም ያላናገረውን ገበሬ ልብ ወለዱ አናግሮታል። ሴንና መስፍን በሐተታ ያቀረቡት የጭሰኝነት ኑሮም በምስል ሊገለጥ እንደሚችል አሳይቷል።

7. ውይይት

ከላይ የቀረበው ንጽጽር በዘጋቢና በድራማ መካከል ያለውን የተለመደ ድንበር ያናጋል። ዘጋቢ እውነት፣ ድራማ ፈጠራ ነው የሚለው አከፋፈል ለወሎው ጉዳይ አይበቃም። ይልቅ ሁለት መለኪያዎች ይጠቅማሉ። አንዱ የአሰካክ መለኪያ ነው፦ ቅንብሩ በምስሎች መካከል የሚፈጥረው የጊዜና የምክንያት ግንኙነት በማስረጃ የተደገፈ ነው ወይ? ሌላው የተናጋሪ መለኪያ ነው፦ ጉዳዩ የደረሰበት ሰው ምክንያት ያቀርባል ወይስ ይታያል ብቻ? «ያልታወቀው ረሃብ» የመጀመሪያውን መለኪያ ያልፋል፤ በሁለተኛው ይደክማል። ዳግም ቅንብሩ በሁለቱም ይወድቃል። «ሙርሲ» በሁለተኛው ይበረታል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ልብ ወለድ ሆኖ ሳለ በሁለተኛው ከሁለቱ የወሎ ቅንብሮች ይልቃል።

ጉዳዩ የፊልም ጥበብ ክርክር ብቻ አይደለም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ይህ ከረሃቡ ሥሮች አንዱን የነካ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ከፊልሙ 11 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984)፣ የማይክል በርክ ዘገባና የመሐመድ አሚን ምስል ከኮረም ለዓለም ታየ። መንገዱ ያው ነው፤ መጠለያው ያው ነው፤ ካሜራው የመጣውም ያው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ከድርቁ ጋር ጦርነቱና የመንግሥቱ ፖሊሲ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. በድግሱ ምስል ሌላውን ሲከስ የነበረ ሥርዓት በተራው ረሃቡን የሸሸገ ተብሎ ተወቀሰ። ክስ ምርመራን ሲተካ ጥያቄው ሳይመለስ እንደሚያድር ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

8. መደምደሚያና የጥናት አቅጣጫ

የወሎ ረሃብ ለየጁ ሕዝብ «ያልታወቀ» አልነበረም። ያልተደመጠ ነበር። ሁለቱ የቴሌቪዥን ቅንብሮች፣ አንዱ ለእርዳታ አንዱ ለክስ፣ የተራበውን ሰው በዓለምና በአገር ፊት አሳዩት፤ የሚያውቀውን ግን አልጠየቁትም። ይህን ክፍተት መሙላት ለአካባቢው ተመራማሪ የሚቻልና የሚገባ ሥራ ነው። ጊዜውም አጭር ነው። በ1965 ዓ.ም. ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ ሰባኛ ዓመታቸውን አልፈዋል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ በደረሰ ጊዜ ተቋማት፣ ዩኒቨርሲቲውም ጭምር፣ ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። የጽሑፍ ሰነድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ አካባቢው ያውቃል። ስለዚህ የሚከተሉት አቅጣጫዎች ለድኅረ ምረቃ ጥናት ይቀርባሉ።

ሀ) የሂደት ታሪክ፦ በሀብሩ ቆላና ደጋ ቀበሌዎች ቤተሰቦች በ1965 ዓ.ም. ምን በቅድሚያ እንደሸጡ፣ በየትኛው ገበያ፣ በምን ያህል እህል እንደ ለወጡ፣ ወደ አስፋልቱ ለመውረድ መቼና እንዴት እንደ ወሰኑ በቃል ታሪክ መመዝገብ። የገበያ ትውስታ ከሴን ሐተታ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ለ) የስያሜ ጥናት፦ ሕዝቡ ዓመቱን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ከ1880ዎቹ ክፉ ቀንና ከ1977 ድርቅ ጋር እንዴት እንደሚያዛምደው ማጥናት። ከሩቅ የተሰጠ ስያሜ ምን እንደሚያስቀር ይህ ጽሑፍ አሳይቷል፤ ከውስጥ የተሰጠውን ማወቅ ተገቢ ነው።

ሐ) ፊልሙን መልሶ ማሳየት፦ ሁለቱን ቅንብሮች በመርሳና በወልድያ ለአረጋውያን አሳይቶ የሚሰጡትን እርማትና ማብራሪያ መቅረጽ። ምስሉን የሚያነበው ሰው የጉዳዩ ባለቤት ሲሆን ፊልሙ ራሱ ወደ መጠይቅነት ይለወጣል። ሥራው ግን የመከራ ትውስታን ይቀሰቅሳልና ፈቃድ፣ የማቋረጥ መብትና የቤተሰብ አጋዥ መኖር በቅድሚያ ሊረጋገጡ ይገባል።

መ) የቴሌቪዥን ሥልጠና፦ በክልሉ የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችና ድራማዎች በተጠቀሱት ሁለት መለኪያዎች እንዲገመገሙ ማድረግ። በድርቅ፣ በጦርነትና በመፈናቀል ላይ የሚሠሩ ዝግጅቶች ዛሬም ከአስፋልቱ ዳር የመቅረት ዝንባሌ አላቸው።

በመጨረሻም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በ1966 ዓ.ም. ካሜራ ይዞ የመጣው ቡድን ቋንቋውን አያውቅም፤ ጊዜም አልነበረውም፤ የመጣውም ሕይወት ለማትረፍ ነበር። ዛሬ በወልድያ የሚማር ተመራማሪ ቋንቋውን ያውቃል፤ መንገዱም ቅርቡ ነው። ከመርሳ አስፋልት ወርዶ ወደ ገጠሩ ለመግባት የግማሽ ቀን ጉዞ ይበቃዋል። በ1965 ዓ.ም. የተራበው ገበሬ ያንኑ መንገድ ወደ አስፋልቱ ሲመጣበት ምን እንዳሰበ ለመጠየቅ የቀረው ጊዜ ግን ብዙ አይደለም።